ማኛ ለእንግዳ፣ ሰርገኛ ለጓዳ

ስለ ርካሽ ዕቃ ደግ ሲናገር የሰማሁት ሰው የለም። ነጋዴው ራሱ «ይሄ እንኳ ርካሹ ነው» የሚላችሁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የዘመዱን ነውር እንደሚያወጣ ሰው ነው። ውድ ዕቃ ግን ጠበቃ አጥቶ አያውቅም። «ከገዛህ አይቀር ደህናውን ግዛ»፣ «ዋጋው ቢቆነጥጥም ዕድሜ ልክህን ታገለግልበታለህ»፣ «ርካሽ መግዛት ሁለቴ መግዛት ነው»... ይህን ምክር ያልሰማ፣ ሰምቶም ለሌላ ያላስተላለፈ ካለ እጁን ያውጣ።

ምክሩ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን አብዝተው የሚለግሱት ሁለቱንም መግዛት የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ከደመወዝ እስከ ደመወዝ ተንጠላጥለን ለምንኖረው ለእኛ ጥያቄው «የቱ ይሻላል?» አይደለም፤ «የቱ ይበቃል?» ነው። በሁለቱ ጥያቄዎች መሃል ያለው የዋጋ ልዩነት ደግሞ አንዳንድ ቤት የወር አስቤዛ ያህላል።

እንግዲህ ዛሬ ለርካሹ ጥብቅና ልቆም ነው። ማስረጃዬን የማመጣው ከማውቀው አገር፣ ከነቀምቴና ከአካባቢዋ ነው። ምስክሬ ደግሞ የአባቴ እህት ናት። እኛ ቤት «አዳዳ» እንላታለን፤ ከተማው «ቲቸር» ይላታል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምራ ጡረታ ወጥታለች። በጡረታዋ ሁለት የልጅ ልጆች ታሳድጋለች። እንዴት እንደምታዳርሰው የጠየቃት ሰው፣ መልስ ከማግኘት ይልቅ ገበያ አብሯት ቢሄድ ይሻለዋል።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ መንገዱ በአምቦና በባኮ አድርጎ ይወስዳል። ከእርሷ ወዲያ አንዱ ወደ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ፣ አንዱ ወደ በደሌ፣ አንዱ በአንገር ጉትን በኩል ወደ ቡሬ ይሄዳል። ከመርካቶ በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣው ባልዲ፣ ብርድ ልብስ፣ ሳሙናና ምስማር ሁሉ መጀመሪያ የሚራገፈው እዚህ ነው። ባለፉት ዓመታት በግጭቱ ምክንያት መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሸቀጡ ዋጋ አብሮ ይዘጋል፤ ማለቴ ለእኛ ይዘጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህማ፣ ነጋዴውም «የትናንቱ ዋጋ» ስትሉት እንደ ጥንት ታሪክ ይሰማችኋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ነው አዳዳ ዘንቢሏን አንጠልጥላ የምትወጣው።

አንድ ቀን ባልዲ ልትገዛ አብሬያት ሄድኩ። ሁለት ዓይነት ቀርቦልናል። አንደኛው ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ክዳን ያለው። ሁለተኛው ከተለቀመ ፕላስቲክ ቀልጦ የተሠራ፣ ቀለሙ ከጥቁርም ከቡኒም ያልሆነ፣ ማንም ሁለቴ የማያየው። ነጋዴው ስለ ቀዩ ብዙ ተናገረ። አዳዳ ሁለቱንም ገለበጠች፤ ቂጣቸውን በአውራ ጣቷ ተጫነች፤ እጀታቸውን ሳበች። ከዚያ ከእኔ ይልቅ ለራሷ የምትለውን አለች፦ «ዮ ጨቤ ኤኙቱ ቦኣ?» ቢሰበር ማን ያለቅሳል? ማለቷ ነው። መልከ ጥፉውን ይዛ ወጣች።

ይህች ጥያቄ የአዳዳ የገበያ ሕግ ናት። ብታስቡበት ብዙ ነገር ታዝላለች። ባልዲ ቢሰበር ማንም አያለቅስም፤ እዚያው ሰፈር የፕላስቲክ ጠጋኝ አለ፤ ቢላዋ አግሎ ስንጥቁን ያቀልጥና ይደፍነዋል። ጠጋኝ ባይኖርም የተሰነጠቀ ባልዲ እህል ይያዝበታል፣ ችግኝ ይተከልበታል። ልብስ ሰፊው በየበረንዳው ተቀምጦ ባለበት፣ ሊስትሮው ሶል በሚገጥምበት አገር፣ «ቶሎ ይበላሻል» የሚለው ማስፈራሪያ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል። የሚበላሽ ሁሉ የሚጣል አይደለማ!

እንዲያውም አንዳንዱ አሮጌ ነገር ከአዲሱ ይልቃል። የቢጫዋን የዘይት ጀሪካን ታሪክ ብቻ ውሰዱ። ሃያ ሊትር ዘይት ይዛ መጣች፤ ዘይቱ አለቀ። እርሷ ግን የሴቶቻችንን ጀርባ ሲያጎብጥ ለኖረው እንስራ ምትክ ሆነች። ዘይት ልትሸከም የተሠራች ስለሆነች ግድግዳዋ ወፍራም ነው። ለውኃ ተብሎ አዲስ የሚሸጠው ስስ ጀሪካን አንድ ክረምት ሳይሻገር ሲሰነጠቅ፣ አሮጌዋ ቢጫ አፏን በቆሎ ቆረቆንዳ ወትፋ ዓመታትን ትቆጥራለች። ዋጋዋም ያነሰ ነው።

«ሃይላንድ»ስ? የታሸገ ውኃ ብርቅ በነበረበት ጊዜ የመጣ የአንድ ድርጅት ስም ነበር፤ ዛሬ የማንኛውም ባዶ የውኃ ጠርሙስ ስም ሆኖ ቀርቷል። በወለጋ ገበያ ሃይላንድ መስፈሪያ ነው። ማር በሃይላንድ፣ ወተት በሃይላንድ፣ አረቄ በሃይላንድ። የአዳዳ ትንሹ የልጅ ልጅ ግን አንድ ሰሞን ሃይላንድ ይዤ ትምህርት ቤት አልሄድም አለ። ጓደኞቹ ሥዕል ያለበት፣ ማንገቻ ያለው ኮዳ አላቸው። አዳዳ አልተቆጣችውም። ያረጀ ሹራብ እጅጌ ቆርጣ ለጠርሙሱ ልብስ ሰፋችለት፣ ማንገቻም አበጀችለት። በሳምንቱ የክፍል ጓደኞቹ እናቶች «ያንን ከየት ገዛሽው?» እያሉ ሲጠይቋት ነበር።

ልጁን የሳቅንበት አይምሰላችሁ። ትልልቆቹም ያው ነን። እኔ እንደማየው ለውድ ዕቃ ከምንከፍለው ትርፍ ገንዘብ አብዛኛው የሚሄደው ለዕቃው ጥንካሬ ሳይሆን ለሰው ዓይን ነው። ይሉኝታ ትልቁ ነጋዴ ነው፤ ግብር ሲከፍል ግን አይታይም።

ለዚህ ከጤፍ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። «ማኛ ለእንግዳ፣ ሰርገኛ ለጓዳ» የምትል አባባል አዳዳ ቤት አለች። ማኛ ነጩ፣ የጤፍ ጌታ ነው። ሰርገኛ ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ። ከዚያ በታች ቀዩ አለ። የወለጋ ሰው ደግሞ ዳጉሳም በቆሎም ይደባልቅበታል። አዳዳ በዘወትር ቀን የምትጋግረው ሰርገኛ ነው፤ ወሩ ሲጋመስ በቆሎ ይገባበታል። ነገር ግን አንዲት ትንሽ ማዳበሪያ ከአልጋ ሥር ተቀምጣለች፤ ማኛ ናት። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ትወጣለች።

የሚገርመው እንግዳዋ ማን እንደሆነች ነው። ከማዶ ሰፈር የምትመጣ የድሮ የሥራ ባልደረባዋ ናት። እርሷም ጡረተኛ ናት። እርሷም በቤቷ ሰርገኛ ትበላለች፤ እርሷም ከአልጋ ሥር ማዳበሪያ አላት። አዳዳ ስትሄድባት ማኛ ታቀርብላታለች። ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ሰርገኛ ይበላሉ፤ ሲገናኙ ብቻ አንዷ የአንዷን ኪስ ታራቁታለች። «ለምን ተነጋግራችሁ አትተዉትም?» ብላት፣ «ምን? እንዲህ ዓይነት ነገር በአፍ ይነገራል?» ብላ ገላመጠችኝ።

ጤፉ ራሱ ስለዚህ ጉዳይ ምን ይል ይሆን? ቀይ ጤፍ በብረት ማዕድን ከነጩ አያንስም፤ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። (እርግጥ ከጤፉ ጋር የሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከተደባለቀው አፈር የመጣ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ አፈሩንም አብረን ነው የገዛነው ማለት ነው።) ሆዱን የሚያጠግበው፣ ከወጡ ጋር የሚስማማው ያው ነው። ነጩ የሚበልጠው በንጣቱ ነው።

ይህ የዓይን ዋጋ እስከ ምርምር ጣቢያ ድረስ ይሄዳል ብላችሁ ታምናላችሁ? የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች «ዱከም» የሚባል ምርቱ ከፍ ያለ የጤፍ ዝርያ ነበራቸው። ገበሬው ግን እምብዛም አልወደደውም፤ ምክንያቱም እንደ ማኛ አልነጣም፣ ስለዚህም ገበያ ላይ ዋጋ አያወጣም። ተመራማሪዎቹ ምን አደረጉ? ምርታማውን «ዱከም» ከነጩ «ማኛ» ጋር አዳቀሉት። የተወለደው «ቁንጮ» እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቀቀና በአገሪቱ ተሰራጨ። ምርታማነቱን ለገበሬው የሰጠው አንዱ ወላጅ ነው፤ ሌላው ወላጅ የተጠራው ለእኛ ለከተሜዎቹ ዓይን ነው። ገበሬው ምን ያድርግ? የምንከፍለው ለቀለም ከሆነ ቀለም ያመርትልናል።

ወደ ቡናው ልምጣ። ወለጋ ሄዶ ስለ ቡና ሳያነሱ መመለስ ከሠርግ ቤት ሳይበሉ እንደመውጣት ነው። በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» እየተባለ የሚጠራው ቡና ስሙን ያገኘው ከነቀምቴ ነው፤ ፍሬው ትልልቅ በመሆኑ ይታወቃል። የምዕራብ ወለጋና የቄለም ቡና ጊምቢ ላይ እየተጫነ ይወጣል፤ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ደግሞ ሲያስመዝን፣ ሲያስቀምስና ደረጃ ሲሰጠው ኖሯል። ለውጭ ገበያ የሚበቃው ወደ ውጭ ይሄዳል። ለአገሬው ገበያ የሚቀረው «የኤክስፖርት ተራፊ» ነው፦ የተሰበረው፣ የጠቆረው፣ ነቀዝ የጀመረው፣ መልኩ ያልተስተካከለው። ለውጭ ገበያ ብቁ የሆነ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ራሱ ለብዙ ዘመን ሲከለክል ኖሯል። የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ነዋ! የጓሮ ቡና ያለው የገጠር ሰው የራሱን ጀንፈል ወቅጦ ይጠጣል፤ ከተሜው ግን ከሱቅ የሚገዛው ተራፊውን ነው። በስሟ ቡና የሚጠራባት ከተማ ተራፊ ትጠጣለች ማለት ነው።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረዳ አንድ ወዳጄ ከአውሮፓ መጥቶ በጣም ተቆጣ። «በዓለም ምርጥ የሆነው ቡና በሚበቅልበት አገር ግርዱን ትጠጣላችሁ!» አለ። ፍትሑን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ ተስማማሁ። ይሁን እንጂ ያን ቀን ከሰዓት አዳዳ ቤት ወሰድኩት። ተራፊውን ሰፌድ ላይ አፈሰሰችው። ጠጠሩን አወጣች፣ የጠቆረውን ለቀመች፣ የተሰባበረውን በሰፌዱ ነፋች። አጠበችው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ውኃው እስኪጠራ። በብረት ምጣድ ላይ ሳታቋርጥ እያመሰች አጥቁራ ቆላችው። ጭሱን በእጃችን ወደ ፊታችን ሳብነው። በሙቀጫ ወቀጠችው፣ ጀበናው ውስጥ ገባ። አቦሉን ቀምሶ ዝም አለ። ቶናውን ጠጣ። በረካውን ለመነ።

በደረጃ መዳቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ያ ቡና ሊያፍር ይችላል። እነርሱ ቀለል ተደርጎ ተቆልቶ፣ ያለ ስኳር፣ በማንኪያ ተማጎ ነው የሚመረምሩት፤ ትንሿ ጉድለት ትጋለጣለች። የእኛ ቤት ቡና ግን ሌላ ነገር ነው። ለቅሞ የሚያጠራ እጅ አለው፣ ጠቆር ብሎ ይቆላል፣ ስኳር ወይም እንደ ድሮው ሰው ጨው ይገባበታል፣ ለወግ ቀን ቅቤ ጠብ ይደረግበታል። ውዱ ቡና በዚህ ሁሉ ውስጥ ቢያልፍ ከዚህ በብዙ ይለይ ነበር ብላችሁ አትከራከሩኝ። ርካሹን የሚያበቃው ሰዓት ተኩሉ ነው። ይህ ጊዜ ደግሞ ዋጋ አይወጣለትም፤ ባብዛኛው የሴት ጊዜ ስለሆነ ይሆናል። ርካሽ ዕቃ ቤት ሲገባ ልዩነቱን በጉልበቱ የሚከፍል ሰው አለ፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ ቤታችሁን ተመልከቱ። ይህን ሳልል ባልፍ ጥብቅናዬ የወንድ ጥብቅና ይሆንብኛል።

ርካሽን ከውሸት ጋር ማምታታት ግን አለ። ቅቤ ከገበያው ዋጋ በግማሽ ከቀረበላችሁ ርካሽ ቅቤ አላገኛችሁም፤ ሌላ ነገር ነው ያገኛችሁት። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ፣ ማርና በርበሬ ተያዘ የሚለውን ዜና በየጊዜው እንሰማለን። ተራፊ ቡና ተራፊ ነኝ ብሎ ነው የሚሸጠው፤ ሰርገኛም ማኛ ነኝ አላለም። የሚያታልለው ግን የውዱን ስም ለብሶ ነው የሚመጣው። እንዲያውም ይሉኝታችን ነው ለአታላዩ ገበያ የሚከፍትለት፤ «የጊምቢ ማር» የሚል ወረቀት የምንሻ ሰዎች ባንኖር ወረቀቱን ማን ይለጥፈው ነበር?

ከእውነተኛው ርካሽ ውስጥም የማይበቃ አለ። አዳዳ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ስትገዛ ያቺው ጥያቄ ተቃራኒ መልስ ትሰጣታለች። ገመዱ ቀጭን፣ ሶኬቱ ልል የሆነውን አንስታ «ይሄ ቢሰበርማ ሰፈሩ ሁሉ ያለቅሳል» ትልና ውዱን ትገዛለች፤ እዚያ ላይ ሳንቲም ስትከራከር አይቻት አላውቅም። ዘር ላይም እንዲሁ ነው። ሲቡ ስሬ አካባቢ የሚያርሱ ዘመዶች አሉን። የባኮ ምርምር እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው «ቢኤች 660» የሚባለው ድቅል በቆሎ ያንን አገር ለውጦታል። የድቅል ዘር ጣጣው ግን በየዓመቱ አዲስ መገዛቱ ነው፤ ካምናው ምርት አስቀርተው ቢዘሩት ጉልበቱ ይቀንሳል፣ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። ከገበያ የእህል በቆሎ ገዝቶ መዝራት በኪሎ ብዙ እጥፍ ይረክሳል። ለቅሶው የሚመጣው በኅዳር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚጠግን ጠጋኝ የለም።

በአንድ ነገር ግን አዳዳ ከራሷ ሕግ ጋር ተጣልታ ኖራለች።

ደም ብዛት አለባት። ሐኪም በየቀኑ አንዲት ኪኒን አዞላታል፤ በዕድሜ ልክ። መድኃኒት ቤት ገብታ የምትጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ሁላችንም የምንጠይቀው ነው፦ «የየት አገር ነው?» የህንድ አለ፣ የአውሮፓ አለ። የአውሮፓው ዋጋ የህንዱን አራት እጥፍ ነው። አዳዳ ጥያቄዋን ጠየቀች፤ ይሄ ባይሠራ ማን ያለቅሳል? መልሱ ግልጽ ነው፤ እርሷ፣ ከእርሷም በኋላ ሁለቱ ልጆች። ስለዚህ ውዱን ገዛች። አስተሳሰቧ ከማከፋፈያው ጋር አንድ ነው፤ ስህተት አለበት ብሎ ለመከራከር ይከብዳል።

ብቻ ጡረታዋ ለአውሮፓው የሚበቃው ለወሩ ግማሽ ነው። የቀረውን ግማሽ ምን ታደርጋለች? ትዘላለች። አንድ ቀን ወስዳ አንድ ቀን ትተዋለች፤ ወይም እስኪያልቅ ወስዳ ደመወዝ እስኪደርስ ትጠብቃለች። ይህንን ለማንም አልተናገረችም፤ ለሐኪሙም ቢሆን። እንዲህ ዓይነት ነገር በአፍ ይነገራል? ሐኪሙ ሲለካት 190 በ110 ሆነ። መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ ሊጨምርላት ወረቀቱን አወጣ። ጨመረላትም። አሁን ለሁለት ውድ መድኃኒት ገንዘብ ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ ሁለቱንም መዝለል ልትጀምር ነው።

እንዲህ የሚኖሩ አዛውንቶች አንድ ሁለት ብቻ እንዳይመስሏችሁ። በመድኃኒት ነገር ርካሹን አለማመን ሥር የሰደደ ነው። በወባ እንኳ አይታችሁታል። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ወባ በምዕራብ ኦሮሚያ አገርሽቶ ስንቱን አልጋ ላይ ሲጥል፣ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ እያለ፣ በነጻ ተመርምሮ በነጻ የተሰጠውን ኪኒን ኪሱ ከትቶ «መርፌ ይሻላል» እያለ ወደ ግል ክሊኒክ የሚሄድ ሰው ነበር። መርፌው ለበረታበትና መዋጥ ላቃተው ሕመምተኛ ቦታ አለው። ኪኒን መዋጥ ለሚችል ሰው ግን ነጻው ኪኒን በነጻነቱ ምክንያት ደከም ያለ አይደለም። እኛ ግን ያልከፈልንበት ነገር ያድነናል ብሎ ማመን ያቅተናል።

አዳዳን ያዳነቻት የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ናት። የድሮ ተማሪዋ ናት፤ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራታለች። ሁለቱን ማዘዣ አየች፤ ከዚያ መዝገቧን አገላበጠች፤ ከዚያ አዳዳን አየቻት።

«ቲቸር» አለቻት፣ «አንድ ወር ስንት ቀን ነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ከእኔ የሚገዙት በየወሩ አሥራ አራት ፍሬ ነው። ሌላ ቦታ ይገዛሉ?»

አዳዳ ዝም አለች። ሠላሳ ዓመት ሲቀነስ ያስተማረች ሴት መልሱን ሳታውቀው ቀርታ አልነበረም።

ልጅቷ አስረዳቻት። አንድ መድኃኒት በመጀመሪያ ሲወጣ የፈጠረው ኩባንያ ለተወሰነ ዓመት ብቻውን ይሸጠዋል። ጊዜው ሲያበቃ ሌሎችም ያንኑ ፍሬ ነገር መሥራት ይፈቀድላቸዋል፤ የምርምሩ ወጪ የለባቸውም፣ የማስታወቂያውም የለም፣ ተፎካካሪ ደግሞ ብዙ ነው፤ ዋጋው ይወርዳል። ኪኒኑ ውስጥ ያለው መድኃኒት ስሙም ልኩም አንድ ነው፤ የሚለየው ካርቶኑ፣ ቀለሙና ማያያዣ ዱቄቱ ነው። አገር ውስጥ የሚሸጠውም በመድኃኒት ባለሥልጣኑ ተመዝግቦ ነው የሚገባው። የዓለም ጤና ድርጅትም መሠረታዊ መድኃኒቶችን ዘርዝሮ ማውጣት ከጀመረበት ከ1977 እ.ኤ.አ. አንሥቶ የሚመክረው በፍሬ ነገሩ ስም ማዘዝን ነው። «በየመንገዱ በሻንጣ የሚሸጠውን አይንኩ፤ እርሱ ርካሽ ሳይሆን ምን እንደሆነ አይታወቅም። ይሄኛው ግን ቲቸር፣ በየቀኑ ቢወስዱት፣ ያኛውን በየሁለት ቀኑ ከሚወስዱት ይበልጥ ይሠራልዎታል።»

አዳዳ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትገዛው የህንዱን ነው፤ ሠላሳ ፍሬ፣ ሲደመርም ከቀድሞው ግማሽ ወር ያንሳል። ሐኪሙ ከሁለት ወር በኋላ ለካትና የጨመረውን መድኃኒት መልሶ ሰረዘላት። በተረፈው ገንዘብ ምን እንደገዛችበት ጠይቄያት፣ «ደብተር» አለች፤ የልጆቹ።

ታዲያ ያቺ የማዶ ሰፈር ጓደኛዋ እርሷም ደም ብዛት አለባት። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ልትጠይቃት ስትመጣ እዚያው ነበርኩ። አዳዳ ሰፌዱን ዘርግታ ቡናዋን ትለቅማለች፤ የማኛዋ ማዳበሪያ ከአልጋ ሥር ወጥታለች። የእንግዳዋ ድምፅ ከአጥር ውጭ ሲሰማ አዳዳ ተነስታ መደርደሪያው ላይ የነበረውን የህንዱን ኪኒን አነሳችና፣ ያላበላሸችው ያ የአውሮፓው ካርቶን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ካርቶኑን እንግዳ በሚያየው በኩል አዙራ አስቀመጠችው።